ማክሰኞ ያለ ጥሩምባ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

የፊልም ሰዎቹ ዛሬ መጡ። መኪና ሙሉ ሰው ጠብቄ ቀይ ቦሎቄውን በትልቁ ድስት ጥጄው ነበር፤ ሁለት ብቻ ሆኑና ተረፈ። አለቃዋ ታሊያ ግሪንሎው ትባላለች፤ የቺካጎ ልጅ ናት፣ እንደኛው ጥቁር። ጫማዋ ያለቀ፣ ካሜራዋ ውድ። ገንዘቧን የት እንደምታውል የምታውቅ ሰው ስለሆነች ወደድኳት። ድምፅ የሚቀዳላት ኮርቢን የሚባል ዝምተኛ ነጭ ነው። ትልቅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ይውላል፤ ሲያናግሩት አንዱን ጎን ብቻ ገለጥ ያደርጋል።

ፊልሙ ስለ ጥሩምባ ባንዶች ነው። ይህን ሙዚቃ የወለዱ ሰፈሮች ውስጥ የሙዚቀኞቹ ልጆች ለምን መኖር አቃታቸው የሚል። ቺካጎንና ዲትሮይትን ጨርሳ የቀረናት እኛ፣ ኒው ኦርሊንሶች ነን። እዚህ ደግሞ የመረጠችው የኔን መጠጥ ቤት ነው።

«እርስዎ የፊልሙ ምሰሶ ነዎት፣ ሚስ ቨርዴል» አለችኝ።

«ምሰሶ ይከፈለዋል?»

ሳቀች። አይከፈለውም። ቢሆንም የፕሬጃን ቤት ስም በየአገሩ ይታያል፤ ያንን የሚያህል ማስታወቂያ ሰሌዳ ልከራይ ብል ምን እንደሚያስወጣኝ አውቃለሁ። የፈቃዱን ወረቀት አንብቤ ፈረምኩ። እኔ ሳላነብ አልፈርምም።


ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9

ማክሰኞ የባንዱ ልምምድ ነው። ባሌ አልቪን ነው የጀመረው፤ እሱ ከሞተ በኋላም አልተቋረጠም። የዛሬው አለቃ ዴስሞን ነው፣ ትሮምቦን የሚነፋው። እናቱ ከዚህ ሁለት ጎዳና አልፎ ትኖር ነበር፤ ኪራዩ ሲወደድባት ከተማው ዳር ወጣች። ከባንዱ ልጆች መሀል እዚህ ሰፈር፣ ትሬሜ ውስጥ የሚኖር አሁን አንድም የለም። በአውቶቡስ መጥተው፣ ጥሩምባቸውን ጭናቸው ላይ ታቅፈው ተቀምጠው፣ የአያቶቻቸውን ሰፈር ሙዚቃ ተለማምደው፣ በአውቶቡስ ይመለሳሉ።

ታሊያ ካሜራዋን ደቅና ለምን እዚህ እንደሚለማመዱ ጠየቀችው።

«ሌላ ቦታ ከተጫወትን ፖሊስ ይጠሩብናል» አለ ዴስሞን። «እዚህ ከተጫወትን ሚስ ቨርዴል ዝቅ አድርጉ ብላ ትጮህብናለች። ፖሊስ ይሻላል። ፖሊስ ግን ቢራ አይሸጥም።»

«በዱቤ ነው የምሸጥልህ፣ ያንንም ተናገር» አልኩት ከካውንተሩ ጀርባ።

«ቁረጪው ይሄን» አላት ለታሊያ። ሁሉም ሳቁ። ቤቱ ሞላ። ጥሩ ማክሰኞ ነበር።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 17

የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት። የሚከፉት እንደዚህ ያሉት ናቸው። ማክሰኞ ማታ ድምፅ በዛ የሚል አቤቱታ ቀርቦብናል። ያቀረበው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለ ሰማያዊ በር ቤት ገዝቶ የገባው ኦልሰን ነው። ለጊዜው ማስጠንቀቂያ ነው፤ አቤቱታው ካልተነሳ ግን የሙዚቃ ፈቃዴ ለጥያቄ ይቀርባል።

ታሊያ ሁሉንም ቀረጸች። ተቆጣጣሪው ካሜራውን ሲያይ ኮሌታውን አስተካከለ።


አርብ፣ ጃንዋሪ 19

ኤልሮይ መጣ። የኩሩ እርምጃ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ የአልቪን አብሮ አደግ። ማኅበሩ በዓመት አንዴ ከነባንዱ ጎዳና ለጎዳና እየጨፈረ ስለሚያደርገው ሰልፍ ሊያወራ ነው የመጣው። የማኅበሩ እሁድ ዘንድሮ ኤፕሪል 15 ላይ ወድቋል። ሰልፉ የሚቆምባቸው በሮች ይመረጣሉ፤ የኔ በር ከአልቪን አባት ጊዜ ጀምሮ ከተመረጡት አንዱ ነው። ሕዝቡ የጭፈራ ላቡን የሚያደርቀው እዚህ ነው። የዚያን ቀን የምሸጠውን በወር አልሸጠውም።

ኤልሮይ አቤቱታውን ሰምቶ ነበር።

«የሰማያዊው በር ሰውዬ ምን እንደገዛ አላወቀም እንዴ? ጥሩምባ ያለበት ሰፈር ገዝቶ ጥሩምባ ሰማሁ ይላል። ዓሣ ገበያ ተከራይቶ ሸተተኝ እንደማለት እኮ ነው።»

«ዝም በል፣ ካሜራው እየቀዳህ ነው» አልኩት።

«ይቅዳ። በቀኝ በኩል ነው የማምረው።»


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 24

ጣሪያው ከኋላ በኩል እንደገና ማፍሰስ ጀምሯል። የኢንሹራንሱ ሰው ስልክ አያነሳም። ጉልበቴንም ያመኛል።

ኸትሰን የሚባል የቤት ደላላ መጣ። ባለፈው ዓመትም መጥቶ አባርሬው ነበር። ዛሬ ውሃ ሰጠሁት። ለማን እንደሚገዛ አይናገርም፤ ከዚህ ማዕዘን እስከዚያኛው ድረስ ያለውን ሁሉ የሚፈልግ ሰው አለ፣ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው። ዋጋ ነገረኝ።

መስማት መሸጥ አይደለም። ዋጋውን ያላወቀ ሰው አልሸጥም ማለትም አይችልም።


ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 30

ኦልሰን ዛሬ ራሱ መጣ። ባንዱ ገና አልገባም ነበር፣ ፊልም ሰሪዎቹም አልነበሩም። ቀጭን ሰው ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ነርስ ነው። ጠዋት ይተኛል መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ተረኛ የሚሆነው ለነጋታው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ በጊዜ መተኛት ነበረበት።

«መጥቼ ማነጋገር ሲገባኝ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ» አለኝ። «እንዴት እንደሚሠራ አላወቅሁም ነበር። አቤቱታውን አንስቼዋለሁ። ተረኛነቴንም ቀይሬያለሁ። ያ ትሮምቦን የሚነፋው ልጅ ... መስኮቴን ከፍቼ ነው የምሰማው አሁን።»

ቢራ ልስጥህ አልኩት። እምብዛም አይጠጣም። የቤቱን ለስላሳ ሎሚ ጠጣና ሄደ።

አንድ ራስ ምታት ተቀነሰ። ለማንም አልነገርኩም፤ አጋጣሚው አልተገኘም።


ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 1

ኸትሰን እንደገና። የሚገዛው ሰው ስለ ፊልሙ ሰምቶ ፈርቷል።

«ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት ሲሸጥ ሰፈሩ ይነሳል፣ ሚስስ ፕሬጃን» አለኝ። «ጋዜጣ ይመጣል፣ ፊርማ ይሰበሰባል፣ ቅርስ ነው ይባላል። ጸጥ ያለ ቤት ሲሸጥ ግን ማንም ዞር ብሎ አያይም። እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ ይገባዎታል።»

ይገባኛል። ይገባኛል ማለት እስማማለሁ ማለት አይደለም።

ጣሪያውን ያየው አናጢ ምሰሶዎቹም በስብሰዋል አለ። ታሊያ ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር።


ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 6

ዛሬ ለዴስሞን ልምምዱ ለጊዜው ይቁም አልኩት።

«በኦልሰን የተነሳ ነው?»

«አቤቱታ እንደቀረበ ታውቃለህ» አልኩት። ያውቃል። ከዚህ በላይ የተናገርኩት ነገር የለም። ቃል በቃል እውነት ነው፤ አቤቱታ ቀርቦ ነበር።

ዴስሞን ትሮምቦኑን ከሳጥኑ አላወጣውም ነበር። ሳጥኑን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ተነሳ። «የአልቪን ማክሰኞ ነው እኮ፣ ሚስ ቨርዴል።»

«ካርኒቫሉ ይለፍና እናያለን።»

ካሜራው ከጎናችን ነበር። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ታሊያ እጄን ያዘችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ይሄ የፊልሙ ልብ ነው» አለችኝ። «አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አለቀ። የስንት ትውልድ ማክሰኞ።»

ሻይ አፈላሁላት።


ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 13

ካርኒቫል። ከንጋት ጀምሮ በእግሬ። በረዶ ሁለቴ አለቀ። ሽንት ቤቱ ተዘጋ። የሰው ብዛት። ከተማው ሁሉ ሲጮህ ስለዋለ የኔ ቤት ማክሰኞ ዝም ማለቱን ያስተዋለ የለም።


አርብ፣ ፌብሯሪ 16

የሰማያዊው በር ቤት የፊት መስኮት ተሰብሯል። በሩ ላይ «ውጣ» ተብሎ በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ፖሊስ ዴስሞንን ጠይቆት ለቀቀው፤ የካርኒቫሉን ሳምንት ሙሉ ሥራ ላይ ነበር፣ ምስክር ሞልቶታል። ያደረገው እሱ አይደለም። ለእሱ ያዘነ ሰው ነው።

ታሊያ የተሰበረውን መስኮት ከመንገዱ ማዶ ቀረጸች። ኦልሰን መጋረጃውን ሲዘጋ ይታያል። «ሁለቱም ወገን እየቆሰለ ነው» አለች። ፊልም ሰሪ እንዲህ ነው የሚያወራው።

ማታ ለኦልሰን ጋምቦ የምንለውን ሾርባ ወሰድኩለት። የተረፈ ነበር።

«ለምንድን ነው የቆመው ልምምዱ?» ብሎ ጠየቀኝ በሩን ገርበብ አድርጎ። «አንስቼዋለሁ እኮ። ለልጆቹ ይንገሯቸው እባክዎ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

ሳህኑ እሱ ጋ ቀረ።


ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 27

ማክሰኞ ያለ ጥሩምባ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ቴሌቪዥን። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «አይታወቅም» አለው።

ገበያው በዚህ ከቀጠለ መሸጡ ራሱ ብልህነት ነው። ይህን ስጽፍ ገበያውን ያወረድኩት እኔ መሆኔ አልጠፋኝም። ቢሆንም ቁጥር ቁጥር ነው።


ማክሰኞ፣ ማርች 6

ቀስ ብዬ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ታሊያ ዛሬ የቤቱን ውሎ ከጠዋት እስከ ማታ ልቅረጽ አለች። ኮርቢን ማይኳን አንገትጌዬ ሥር ሸሸጋት፤ ጥፍር የምታህል ነገር ናት፤ ገመዷ ወርዶ ወገቤ ላይ ካለች ትንሽ ሳጥን ይገባል። እስከ ምሳ ድረስ ታሳክከኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ረሳኋት።

ኸትሰን በጓሮ በር መጣ። ሳትደውል አትምጣ ብዬው ነበር። ካሜራው በፊት ለፊት በኩል ስለነበር ሰውዬውን ቢራ የምናከማችበት ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

«ልጆቹ አይመለሱም?» አለኝ።

«አይመለሱም። የከሰሳቸው ኦልሰን ነው ብለው ነው የሚያምኑት።»

«አንስቶታል ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

«አንስቷል። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እኔና አንተ ብቻ ነን።»

ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ከዚያ ስለ ቁልፍ ርክክብ አወራን፤ ሰልፉ ሳያልፍ አላስረክብም አልኩት፤ የሰልፉን ቀን ገበያ ለማንም አልሰጥም።

ስወጣ ኮርቢን ካውንተሩ ጥግ ቆሟል። ማዳመጫው ሁለቱም ጆሮው ላይ ነው። ካውንተሩን ትኩር ብሎ ያያል፤ ካውንተሩ ላይ ምንም የለም። ያኔ እጄ ወደ አንገትጌዬ ሄደ።

ማታ ማይኩን ሲፈታልኝ «የዚያ ክፍል በር ወፍራም ነው» አልኩት።

«ማይኩ ግን ከውስጥ ነበር፣ ሚስ ቨርዴል» አለኝ።


ረቡዕ፣ ማርች 7

ነገራት? አልነገራት? ታሊያ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ገብታ ቡናዋን ጠጣች። እንደ ወትሮዋ ሳቀች። ከወትሮዋ ትንሽ ያነሰ ሳቅ ነበር፣ ወይም ነበር ብዬ ነው ያሰብኩት።


እሁድ፣ ማርች 11

ኮርቢንን ለብቻው አገኘሁት። የተጠበሰ ካትፊሽ ዓሣ በዳቦ ሠራሁለት፤ ሲበላ ዝም አልኩ፤ ሰው ሲጠግብ ነው የሚያወራው።

«ማክሰኞ ዕለት ምን ሰማህ?»

«እኔ እቀዳለሁ እንጂ አልሰማም።»

«ማዳመጫው ታዲያ ለጌጥ ነው?»

«ለብርድ» አለኝ። ትሬሜ ውስጥ፣ በማርች።

«ያንን ቅጂ ማጥፋት ይቻላል?»

ሳንድዊቹን አስቀመጠ። «ማጥፋት ቀላል ነው። ለታሊያ መንገርም ቀላል ነበር፤ ነግሬያታለሁ። አሁን ከባዱ የእርስዎ ነው።» ከዚያ ሳንድዊቹን አንስቶ ጨረሰው። በጣም ጥሩ ነው አለ። ሂሳብ ልክፈል አለ። አልተቀበልኩትም፤ ከዚያ ደግሞ ተቀበልኩት።


ረቡዕ፣ ማርች 14

ሰማያዊው በር ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተተክሏል። የኸትሰን ስምና ስልክ አለበት።

ኸትሰን ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር ወይስ አጋጣሚ ሆነለት? ጥሩ ነጋዴ ነው። ከዚህ በፊት ከኔ የሚሻል ነጋዴ አይቼ ስለማላውቅ ነው መሰለኝ ቅር ብሎኛል።


ማክሰኞ፣ ማርች 20

ታሊያ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጠየቀችኝ። መብራት፣ ካሜራ፣ ማይክ። ዛሬ ማይኩ ከነገመዱ በግልጽ ደረቴ ላይ ነበር።

ስለ አልቪን ጠየቀችኝ። ስለ አውሎ ነፋሱ ዓመት፤ ውሃው ሲወርድ መጀመሪያ የከፈትነው ቤት ይህ እንደነበር፤ ባንዱ በሻማ እንደተጫወተ። ይህን ስናገር ጥሩ እናገራለሁ። ከዚያ ካሜራውን ሳታጠፋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሚስ ቨርዴል፣ ልምምዱ ለምን እንደቆመ በራስዎ አፍ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

«ያውም በተደጋጋሚ የነገርኩሽን?»

«በፊልሙ ውስጥ ክፉ አድርጌ ያስቀመጥኩት ሰው መስኮቱን ሰብረውበታል። የሰበሩት የኔን ፊልም አይተው አይደለም፤ ግን እኔም እንደነሱ ነው ያመንኩት። በዲትሮይትም፣ በቺካጎም፣ ይህንኑ ታሪክ ነው የቀረጽኩት፤ ከውጭ የመጣ ሰው ደውሎ ሙዚቃውን ዘጋ። እዚህም ይኸው ነው ብዬ ሳልጠይቅ ወሰድኩት። የኔ ጥፋት ይሄ ነው። እርስዎ ደግሞ የራስዎን ቢናገሩ፣ እርስዎ በሚሉት መንገድ ነው የማስቀምጠው። ሲያፈስ አይቻለሁ፤ ጣሪያውን ይንገሩኝ። ኢንሹራንሱን ይንገሩኝ። ድካሙን። ሰው ይረዳል።»

ማዳመጫውን ያደረገው ኮርቢን የኔን ትንፋሽ ሳይሰማ አልቀረም።

«ጣሪያው ምን ሆነ?» አልኳት። «ደህና ነው ጣሪያው።»

መብራቱን አጠፋች።

አሁን ማታ ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ እያሰብኩ ነው። ጣሪያው ያፈሳል ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? እንዲህ ብል ግን አልቪን ትቶልኝ የሄደውን ቤት ማቆም ያቃተኝ ሴት እሆናለሁ። በየአገሩ፣ በትልቅ ስክሪን። ደላላ ያታለላት አሮጊት ከመባል ሁሉንም ያታለለች ነጋዴ መባል ይሻላል። የፈረምኩት ወረቀት ላይ «ከተቀረጸው ማንኛውንም መጠቀም ይቻላል» ይላል። አንብቤው ነበር።


ሰኞ፣ ማርች 26

ከኸትሰን ጋር ተፈራረምን። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ጥሩ ዋጋ ነው። ከሰልፉ ማግስት ቁልፉን ይረከባል።


ረቡዕ፣ ኤፕሪል 4

ዛሬ ታሊያ ያልተጠናቀቀውን ፊልም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለማኅበርተኞቹና ለሰፈሩ አሳየች። ቀድማ በፊልሙ ውስጥ ለታዩት ሰዎች ሳታሳይ አታወጣም፤ ደንቧ ነው። ሦስቴ መጥታ ጠራችኝ።

ቢራ የሚያመጣውን መኪና እየጠበቅሁ ነበር፤ አልሄድኩም። መኪናው የሚመጣው ሐሙስ ነው።

በራፌ ላይ ተቀምጬ ሲወጡ አየኋቸው። ሁልጊዜ ከዚያ አዳራሽ ሲወጡ ግማሹ ወደኔ ያቀናል። ዛሬ ሁሉም በሌላኛው ጎዳና ሄዱ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም። ሴቶቹ ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር የሚሄዱት።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 5

ዴስሞን በደጄ አለፈ። «ደህና ዋሉ፣ ሚስስ ፕሬጃን።»

ዳይፐር ለብሶ ከካውንተሬ ሥር ሲድህ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ሚስስ ፕሬጃን ብሎኝ አያውቅም። ትሕትናው እንከን አይወጣለትም።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 7

ዴስሞንና ሁለት የባንዱ ልጆች ከመንገዱ ማዶ መሰላል አቁመው የኦልሰንን በር ቀለም ሲቀቡ ዋሉ። ያንኑ ሰማያዊ። ኦልሰን ከታች ሆኖ መሰላሉን ይዞላቸዋል። አዲስ መስታወትም ገብቷል። የሽያጩ ሰሌዳ ተነቅሎ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል።

ዴስሞን ከላይ ሆኖ የሆነ ቀልድ ተናገረ፤ ኦልሰን ከሳቁ ብዛት መሰላሉን ሊለቀው ነበር። ቀልዱ እኔ ጋ አልደረሰም።

ቀለም መቀባትም ሥራ ነው። ሁለተኛ ገቢ አይጠላም።


ሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ኤልሮይ መጣ። ቆሞ ነው ያወራኝ፤ ወንበር ሳብኩለት፣ አልተቀመጠም። ያልጠየቀኝን ውስኪ ቀዳሁለት፣ አልነካውም።

«የእሁዱ መንገድ እንዳለ ነው» አለኝ። «በርሽ ጋ እንቆማለን።»

«ትሰርዙኛላችሁ ብዬ ነበር» አልኩት።

«ልጆቹ እንለፋት ብለው ነበር። ሳንቆም ማለፍ ነውር ነው አልኳቸው። ለቤቱ የሚገባውን አድርገን እንሄዳለን።»

«ኤልሮይ፣ ስለዚያ ነገር...»

«እሁድ እንገናኝ፣ ቨርዴል።»

ኤልሮይ አስተዋይ ሰው ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ገበያ ይቀጥላል። ሲወጣ ውስኪውን ወደ ጠርሙሱ መለስኩት።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 14

ቢራው ገብቷል፣ ካለፈው ዓመት በላይ ነው ያዘዝኩት። በረዶ ነገ ጠዋት። የውጭውን ጠረጴዛ አጠብኩ። የአልቪንን ፎቶ ከበሩ በላይ ሰቀልኩት፤ በየዓመቱ ለሰልፉ እሰቅለዋለሁ። የመጨረሻው ስለሆነ ይመር ብዬ በሩንም በጨርቅ ወለወልኩት።

ነገ ሁሉም ከጠጡና ከሞቃቸው በኋላ መሸጤን ከፊልሙ ቢሰሙትም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ሲደሰቱ ሰዎች ይቀበላሉ። ንግግሩን አዘጋጅቻለሁ፤ አጭር ነው።


እሁድ፣ ኤፕሪል 15

ፀሐይ ነበር፣ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ለገበያ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም። ሰልፉ ከመድረሱ በፊት እንደየዓመቱ ቀድሞ መጥቶ ደጄ ላይ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ዘግይተው ተነስተው ነው አልኩ።

ከሩቅ ተሰሙ። ትልቁ ከበሮ መጀመሪያ፣ ከዚያ ጥሩምባዎቹ። ማዕዘኑን ሲታጠፉ አየኋቸው፦ ማኅበርተኞቹ ብርቱካንማ ሱፍ ለብሰው ትልልቅ የላባ ማራገቢያ ይዘው፣ ኤልሮይ ከፊት፣ ዴስሞንና ባንዱ ከኋላ፣ ከእነሱ ኋላ ጎዳናውን የሞላ ሕዝብ፣ መኪና ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚጨፍር፣ ጃንጥላ የሚያሽከረክር። የበረዶ ሳጥኖቹን ከፈትኩ።

ደጄ ፊት ሲደርሱ ኤልሮይ እጁን አነሳ። ሙዚቃው ቆመ። ጭፈራውም ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር በሰልፍ ቀን አይቼ አላውቅም። ሕዝቡ መሀል ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ኤልሮይ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። ማራገቢያውን ወደ መሬት ዘቀዘቀው። ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ዴስሞን ትሮምቦኑን አንስቶ ለብቻው ጀመረ፤ ቀስ ያለ፣ መዝሙር። ሌሎቹ ጥሩምባዎች ከሥሩ ገቡ። ከበሮው እንደታፈነ፣ በየእርምጃው አንዴ ብቻ።

ይህን ዜማ እዚህ ሰፈር የሚነፉት ለአንድ ነገር ነው፤ ሬሳ ሲሸኝ ሟቹ በኖረበት በር ፊት ቆመው ነው የሚነፉት። የአልቪን ዕለት እዚሁ ቦታ ቆመው ነፍተውታል። ዛሬ ሣጥን አልነበረም። ሁሉም ወደ በሩ ነበር የሚያዩት፣ በሩ ላይ ደግሞ የቆምኩት እኔ ነኝ።

የነበርኩበትን መልቀቅ አልቻልኩም። ወደ ውስጥ ብገባ ጀርባዬን ሰጠሁ፤ ብቆም ይኸው ቆሜያለሁ። ከሕዝቡ ኋላ ኦልሰንን አየሁት፣ የሆስፒታል ልብሱን እንደለበሰ፤ ሲያያቸው ጊዜ እሱም ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ ግን ያወቀ አይመስለኝም። ታሊያ ካሜራዋን እኔ ላይ አልደቀነችም። ዴስሞን ላይ ነበር። ኮርቢን ግን በረጅሙ ዘንግ ጫፍ ማይኩን በእነሱና በኔ መሀል ዘርግቶ ቆሟል። ያዘጋጀሁት አጭር ንግግር አፌ ውስጥ ነበር።

ዜማው አለቀ። ኤልሮይ ወደኔ ቀረብ አለ።

«ጥሩ ቤት ነበር፣ ቨርዴል።»

ባርኔጣውን አደረገ። ሄዱ። ማዕዘኑ ላይ እስኪደርሱ ዝም ብለው ነበር የሚራመዱት፤ እዚያ ሲደርሱ ከበሮው ፈነዳ፣ ጥሩምባዎቹ ጮኹ፣ ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ጭፈራውን ጀመረ። ከቀብር ሲመለሱ የሚያደርጉት ነው። ሟቹ ተሸኝቷል፣ ሕይወት ይቀጥላል ማለት ነው። ድምፁ እስኪርቅ ሰማሁት።

ጎዳናው ባዶ ሆነ። ከሰልፉ ኋላ የቀረ አንድ ቱሪስት፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ፣ ላብ ያጠመቀው፣ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀኝ።

«ይቅርታ፣ የሞተው ማን ነው?»

«የቤቱ ባለቤት ናት» አልኩት።

«አዝናለሁ። በቅርብ ያውቋት ነበር?»

«አብረን ነው የኖርነው። ቢራ ትፈልጋለህ?»

ይፈልጋል። እጄን በረዶው ውስጥ ከትቼ ከሥር ያለውን፣ በጣም የቀዘቀዘውን አወጣሁለት።